እምነታችን በለቅሶ ቤት

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሲወርዱ ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። እኔ የሰበታ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቡራዩ ይኖራል። እህቴ ሱሉልታ አግብታ እዚያው ወልዳ ከብዳለች። ሦስታችንን ከበዓል ይልቅ ለቅሶ ያገናኘናል። በሰፈራችን እድር የጸሐፊነቱን ሥራ ከያዝኩ ወዲህማ የሰው ኑሮ ከነጓዳው የሚታየኝ ለቅሶ ቤት ሆኗል።

እነዚህ ከተሞች በአንድ ትውልድ ዕድሜ መልካቸው ተለውጧል። ጤፍና ስንዴ ይዘራበት፣ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ሣር ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የቆርቆሮ አጥር ሆኗል። በአንድ ግቢ ውስጥ የጥንቱ ባላገር ልጅ፣ ከወላይታ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከጎጃም የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አልቀመስ ብሎት የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ አብረው ይኖራሉ። ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤውና ሙስሊሙ ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ። ስሙ አዲስ ነው፤ አብሮ የመኖሩ ጉዳይ ግን ከስሙ በፊትም ነበረ።

ክርስትናችን የት ድረስ እንደዘለቀ ማየት የሚፈልግ ሰው ጎረቤት የሞተ ዕለት ይምጣ እላለሁ። ጥምቀት ላይ ሁላችንም ነጭ ለብሰን እናምራለን። ፋሲካ ላይ ሁሉም ደስተኛ ነው። ሞት ግን ያልተዘጋጀንበትን ሰዓት ይመርጣል፤ የማንወደውን ጎረቤት፣ የማንጋራውን ሃይማኖት፣ የማንሰማውን ቋንቋ ይዞ በራችን ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የምናደርገው ነገር የእምነታችን እውነተኛ መልክ ነው።

ድንኳኑ የሁሉም ነው

እድር አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው። ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሰው «ከዘመድ ርቄ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ላነሳው ጥያቄ ራሱ ያበጀው መልስ ነው። ቄስ አላቋቋመውም፤ መንግሥትም አላዘዘውም።

አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢሆንም ልብ ብሎ ላየው ሰው ብዙ ጥበብ አለበት። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል። ሞት ሲደርስ ጥሩንባ ነፊው ሰፈሩን ይዞራል፤ ዛሬ ዛሬ ስልክም ያግዘዋል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ያወጣሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡና ጓዳውን ይረከባሉ። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ደብተሩ በእጄ ስላለ ብዙ ሰው ስለ መቀጮው ያማርርልኛል። እኔ ግን መቀጮውን እወደዋለሁ። ስሜት ባይኖርህም ተነሥ፣ ሂድ፣ ከጎረቤትህ አጠገብ ቁም ይላል። ፍቅር ሁልጊዜ ከልብ ተነሥቶ ወደ እግር አይወርድም፤ አንዳንዴ እግር ይቀድምና ልብ ይከተላል።

ምግቡንም ተመልከቱት። በእኛ እድር ለቅሶ ቤት የሚቀርበው የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ። ኦርቶዶክሱ ጾም ላይ ቢሆን ይበላል። ሥጋው የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ስለማይነሣ ሙስሊሙም ይበላል። ጴንጤውም ይበላል። ይህን ያሰቡት ሰፈሩን ያቀኑት እናቶች ናቸው። የትኛውንም ሃይማኖት ሳያቃልሉ፣ ማንም ከማዕድ ሳይነሣ የሚያበላ ሥርዓት አበጁ። ስለ ሃይማኖቶች መከባበር ብዙ ስብሰባ ሲደረግ እሰማለሁ፤ እነዚያ እናቶች የሠሩትን ያህል የሠራ ግን አላየሁም።

መሬት የተከለከለ አስከሬን

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሰው ከኦርቶዶክስ ወደ ወንጌላውያን ሲሄድ ከእድር የተሰረዘበት፣ አስከሬኑም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ የተደረገበት ጊዜ ነበር። ቀብር የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ግቢ በነበረበት አገር ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ሟቹ አይሰማውም፤ ቋሚው ግን አስከሬን ይዞ ቦታ ይለምናል። የኦርቶዶክስ ሰው ደግሞ በበኩሉ ሕመም አለው። ልጁ የአባቱን ፍትሐት፣ ማተቡንና ጾሙን ሲንቅበት ያየ አባት ያዘነው በእውነት ነው። ይህን ሐዘን ማቃለል አልፈልግም፤ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝና ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን የቀየረ ዕለት እናታችን እንዴት እንዳለቀሰች አውቃለሁ።

የወንድሜ አማት ቡራዩ ላይ ያረፉ ዕለት ሁላችንም ሄድን። ድንኳኑን ያቆመው የሰፈሩ እድር ነው፤ ዳኛው የታወቁ የጽዋ ማኅበር ሰው ናቸው። መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ አገልጋዩ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ ሲያስተምር፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ቆሙ። በሌላ ቀን እኛ ሰፈር የኦርቶዶክስ ጎረቤት ሲቀበር ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ዛፍ ሥር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ አፈር ሲለብስ ከእኛ ጋር ናቸው። ማንም እምነቱን አልተወም። እያንዳንዱ እስከሚፈቅድለት ቦታ ሄዶ እዚያ ቆመ።

ይህን ሳይ ሁለት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አንደኛው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. ከጸሎት ቤት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. በምሥጢር ተገደሉ። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለብዙ ዓመታት ታስረው ተሰቃዩ። የሁለቱ አባቶች አጽም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው፤ የአቡነ ቴዎፍሎስ እርሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል አንድ ፓትርያርክና አንድ የወንጌላውያን መሪ መቃብራቸው ሳይታወቅ ኖሩ። በሕይወት ሳሉ ብዙ ነገረ ሃይማኖት ይለያያቸው ነበር። ገዳያቸው ግን አንድ ነበር፤ ወገኖቻቸውም አንድ ዓይነት ሐዘን ተሸከሙ። ይህን የምታውቅ አገር የጎረቤትን አስከሬን በሃይማኖት ምክንያት መከልከል አይገባትም።

በየትኛው ቋንቋ እናጽናና?

የአባቴ እናት ከቱሉ ቦሎ በኩል ናቸው፤ አማርኛቸው ለገበያ ያህል ነበር። ያረፉ ዕለት ጸሎቱ እንደ ሥርዓቱ በግእዝ ከመጽሐፈ ግንዘት ተነበበ፤ ስብከቱ በአማርኛ ሆነ። እኛ ልጆች ሰማን። እህቶቻቸው ግን ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አፍ አፍ ያያሉ። ስብከቱ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ»፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ብለው ጀመሩ። ስለ አያቴ ልጅነት፣ ስለ እጃቸው በረከት፣ ስለ ትንሣኤ ተስፋ በኦሮምኛ ተናገሩ። እነዚያ እናቶች ያን ጊዜ ነው አንገታቸውን ደፍተው ያለቀሱት። መጽናናት ሲጀምሩ አየኋቸው።

ስለዚህ በጥር 2015 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለእኔ የሩቅ ዜና አልነበረም። ጥር 14 ቀን በዚያው በእኛ መንገድ፣ ወሊሶ አቅራቢያ በሚገኘው ሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጪ 26 መነኮሳትን ኤጲስ ቆጶስ አድርገው ሾሙ። ምክንያታቸው ሕዝቡ በቋንቋው አገልግሎት አላገኘም የሚል ነበር። ቅዱስ ሲኖዶስ ሹመቱ ቀኖና የሻረ ነው ብሎ ጥር 18 ቀን አወገዛቸው። በጾመ ነነዌ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ባወጣችው ጥሪ መሠረት ጥቁር ለበሱ። ሻሸመኔ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠውም አገልግሎት እንዲጠናከር ተባለ። በሐምሌ ወር ሲኖዶሱ ራሱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ፤ አብዛኞቹ የተመደቡት ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ነው።

በዚያ ጾም ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ሞቱ። ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ያልለበሰ የለም። ሆኖም ማን ለሟቿ፣ ማን ለቤተ ክርስቲያን እንደለበሰ መጠያየቅ ተፈራ። ለዓመታት ንፍሮ አብረው የቀቀሉ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። የሟቿ ልጅ ይህን ሲያይ ተነሥቶ «እባካችሁ ለእናቴ ብቻ አልቅሱልኝ» አለ። በአማርኛም በኦሮምኛም ደገመው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ እንደ ወትሮው ሆነ።

እኔ የቀኖናውን ጉዳይ ለመዳኘት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለኝም። ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት ካልተመራች እንደምትበታተን አምናለሁ፤ መከፋፈሉ ያስፈራኝም ለዚህ ነው። ይሁንና የተራ ምእመን ዕውቀት ያህል አንድ ነገር አውቃለሁ። በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ የሰማው በየራሱ ቋንቋ ነው። ግእዝም ራሱ መጻሕፍት የተተረጎሙበት የሕዝብ ቋንቋ ነበር፤ የአክሱም ሰው ወንጌልን በግሪክኛ ብቻ ስማ አልተባለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አሳተሙ፤ ያውም በግእዝ ፊደል። ኦነሲሞስም አስቴርም በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ በኦሮምኛ መስበክና መቀደስ ለፖለቲካ የተፈጠረ አዲስ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው የአገሩን ክርስትና ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው። ቋንቋን ምክንያት አድርጎ ጎረቤቱን የሚገፋም እንዲሁ፤ ወንጌል በሰው ቋንቋ የሚነገረው ሰውን ለማቅረብ ነውና። የቤተ ክርስቲያን ውሳኔ ከላይ ሲወርድ ጊዜ ይፈጃል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ሟች የማን እናት እንደሆነች፣ ቀባሪዎቿ ምን እንደሚሰሙ ሁላችንም እናውቃለን። የእኛ አጥቢያ ካህናት አሁን ፍትሐቱን በግእዝ አድርሰው ትምህርቱን በሁለቱም ቋንቋ ይሰጣሉ። ይህን ለማድረግ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ኦሮምኛ የሚችል ዲያቆን ፈልጎ ማቅረብ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ተከራዩስ?

ከሃይማኖትና ከቋንቋ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ የተከራዩ ነገር ነው። እድር ለዓመታት ያጠራቀመው ንብረትና ገንዘብ ስላለው አዲስ ገቢ የመግቢያ ይከፍላል። ለቆየው አባል ፍትሐዊ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በቀን ሥራ ለሚያድር ወጣት ግን የማይሞከር ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩልም የሰበካ ጉባኤ አባልነት ይጠየቃል፤ የንስሐ አባት ማን ነው ይባላል። ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዐዋዲ የተቋቋመው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ምእመኑ በቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ድርሻ እንዲኖረው የታሰበ ትልቅ ነገር ነው። ዓመታዊውን ክፍያ ያልከፈለ አስከሬን በር ላይ ማቆሚያ ግን መሆን የለበትም።

ቤት እየፈረሰ፣ ኪራይ እየናረ፣ ፋብሪካ ሠራተኛ እየቀነሰ ሰው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በሚዛወርበት በዚህ ጊዜ እድር የሌለው ሰው በዝቷል። በሱሉልታ ከእህቴ ቤት ጀርባ ይኖር የነበረ አንድ ወጣት ግንበኛ ሲሞት ስልኩ ውስጥ የነበረው ቁጥር የአሠሪው ብቻ ነው። ማንም የወላጆቹን አገር በትክክል አያውቅም። ሬሳው ለማዘጋጃ ቤት ሊሰጥ ሲል የሰፈሩ ሴቶች መዋጮ ሰበሰቡ። እህቴ አቡጀዲ ገዛች። አንድ ቄስ «የንስሐ አባቱ እኔ ነኝ» ብለው ቆሙለት። ሳያውቁት አባት ሆኑት።

እኛ ኦርቶዶክሳውያን ቀኖናችን ውስጥ መጽሐፈ ጦቢት አለ። ጦቢት በነነዌ ስደተኛ ሆኖ የወደቁ ወገኖቹን አስከሬን እያነሣ ይቀብር ነበር፤ በዚህም ንብረቱን አጥቶ ተሳደደ። እግዚአብሔር ያሰበለትም በዚህ ሥራው ነው። በስቅለት ዕለት የምናስበው የአርማትያሱ ዮሴፍም ለራሱ ያስወቀረውን መቃብር ሰጠ። ጌታችን የተቀበረው በሰው መቃብር ነው፤ የራሱ ቦታ አልነበረውም። ይህን በየዓመቱ እየሰገድን የምናስብ ሰዎች ቦታ የሌለውን ሟች አባል አይደለም ብለን ልንመልሰው አንችልም።

ስለ ድግሱም እንነጋገር

በአንድ በኩል ተከራዩ የሚገነዝበት አቡጀዲ ያጣል፤ በሌላ በኩል ባለቤቱ ለተዝካር ይበደራል። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ እነዚህ ቀናት የጸሎትና የምጽዋት ቀናት ናቸው። ካህናት ይጸልያሉ፤ ድኻ ይበላል፤ ነፍስ ትታሰባለች። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ ሙት የሚረሳ ሕዝብ ባለመሆናችን ደስ ይለኛል። ያልወደድኩት ሌላ ነው። አርባው ላይ በሬ ተጥሎ፣ ቢራ በሣጥን ገብቶ፣ ቪዲዮ አንሺ ተቀጥሮ፣ ድኻው ከበር ውጪ ትራፊ ሲጠብቅ አይቻለሁ። አንዲት የእድራችን አባል ባላቸውን በቀበሩ በዓመቱ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል አቅቷቸው ነበር፤ ገንዘቡ ያለቀው በተዝካሩ ነው። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አሉኝ። ያ «ሰው» እኛ ነን።

የጴንጤ ወንድሞቻችንም ከዚህ ውድድር አላመለጡም። ተዝካር የላቸውም፤ ግን የሽኝቱ ፕሮግራም፣ የሣጥኑ ዓይነት፣ የባነሩ ስፋት፣ የመኪናው ብዛት እንደዚሁ ሰውን ያስጨንቃል። ሁለታችንም ሞትን ለማሳያ ስናደርገው ከወንጌል እንርቃለን።

በእጃችን ያለው ነገር

ትልልቁን ጉዳይ አባቶች ይነጋገሩበት። ታችኛው ሥራ ግን የእኛ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የእድራችን ደንብ ሲሻሻል ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ተከራይና የቀን ሠራተኛ የመግቢያውን ክፍያ በየወሩ አቅሙ እንደፈቀደ እየከፈለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ አባል ይሁን፤ ሰፈር ለቆ ቢሄድም አባልነቱ አይቋረጥ። ሁለተኛ፣ የእድሩ ደንብና የለቅሶው ማስታወቂያ በአማርኛና በኦሮምኛ ይነበብ፤ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ የሚያጽናና ሰውም በሟች ቤት ቋንቋ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ከእድሩ ገንዘብ በዓመት ጥቂት ተቀንሶ ወገን ለሌለው ሟች ይቀመጥ፤ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን።

ተዝካሩን በደንብ መከልከል አልፈልግም፤ በደንብ የሚለወጥ ነገር አይደለም። ቢሆንም እኔ በቤቴ ወስኛለሁ። ልጆቼ ስሞት ካህናቱን ጠርተው ያስጸልዩ፤ ለበሬው የታሰበው ገንዘብ ግን በሰፈራችን አባት ለሞተበት ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ይሁን። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ባርከውታል። አንባቢም በየእድሩ ይጠይቅ። ከድንኳናችን ውጪ የቀረው ማን ነው? በመዋጮ ምክንያት፣ በቋንቋ ምክንያት፣ በሃይማኖት ምክንያት የተተወው ሰው ስሙ ማን ይባላል? ስሙን ካወቅነው ደብተሩ ላይ ልንጽፈው እንችላለን፤ ለቅሶ ሲደርስም ከሁሉም እኩል እንደርስለታለን።